የሐጂ ሳልህ ቄሳር

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም የሳንቲም ፎቶ ላከልኝ። ከአንድ ሰው ሊገዛው አስቧል፤ «መምህርት፣ የሮማ ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው?» ይላል። ፎቶውን በጣቶቼ አስፍቼ መጀመሪያ ጠርዙን፣ ቀጥሎ ፊደሎቹን አየሁና «እንዳትገዛው» ብዬ መለስኩለት። አመስግኖኝ ነገሩ እዚያው አለቀ። እኔ ግን ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ሻዬ እስኪበርድ ድረስ ተቀምጬ ቀረሁ። ከአርባ ዓመት በፊት ያሳለፍኩት አንድ ክረምት፣ ከነጉሙና ከነጭቃው፣ ተመልሶ መጣብኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ አጠና ነበር፤ ሦስተኛ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት ደሴ መጥቻለሁ። በዚያ ዓመት የሮማን ነገሥታት ታሪክ ያስተማሩን ሰው ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጠመኔ በያዙ ቁጥር ኮታቸው ነጭ የሚሆን መምህር ነበሩ። እሳቸው ታሪኩን ከመጽሐፍ አልጀመሩልንም። የሳንቲም ፎቶ፣ የተቀረጸ ድንጋይ ፎቶ፣ የቅስትና የዓምድ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፉና «ይህ ዕቃ ምን እንድታምኑለት ይፈልጋል?» ብለው ይጠይቁናል። ለአንድ ሰዓት ያህል አንዲት ሳንቲም ላይ ተደፍተን እንቆያለን።

እኔ ያን ትምህርት ወደድኩት። የሳንቲም ፊት ጠባብ ስለሆነ የቄሳሩ ማዕረግ ሁሉ አይበቃውም፤ ስለዚህ ሮማውያን ቃላቱን እየቆረጡ ይጽፉ ነበር። የተቆረጠውን መቀጠል እንደ ጨዋታ ሆነልኝ። ሦስት ፊደል አይቼ «ንጉሠ ነገሥት» ማለት መሆኑን ሳውቅ፣ «የአምላኩ ልጅ» የሚለው በአንድ ቃልና በአንዲት ፊደል ተቋጭቶ ሳገኘው፣ ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ ተዘግቶ የኖረ በር የተከፈተልኝ ይመስለኝ ነበር።

ለክረምቱ መምህራችን ሥራ ሰጡን። እያንዳንዳችን አንድ ዕቃ መርጠን፣ እሱን ብቻ ይዘን፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ እንጽፋለን። ጓደኞቼ ከፎቶዎቹ መረጡ። እኔ እጄን አውጥቼ «እኔ እውነተኛውን አውቃለሁ፤ ደሴ፣ ጎረቤታችን ቤት አለ» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም።

ጎረቤታችን ያልኩት ሐጂ ሳልህን ነው። ቤታቸው ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኛ ቤት በአንድ አጥር ይዋሰናል፤ ፒያሳ ላይ ደግሞ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። አባቴ መሪጌታ ነው። እሱና ሐጂ ከአሥር ወይም ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ ሐጂ ሱቅ ዘግተው ሲመጡ፣ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። ዝናብ ከሆነ ዝም ብለው ዝናቡን ያያሉ። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ አባቴ ሴት ልጅ ብቻዋን ያን ያህል ርቃ አትሄድም ብሎ ቆርጦ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ለምነው ያስለቀቁኝ ሐጂ ናቸው። «መሪጌታ፣ አንተ ልጆች ሰብስበህ ታስተምራለህ፤ የራስህን ልጅ ግን ልታስቀር ነው» አሉት። አባቴም በዚህ ተረታ።

ሐጂ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያሳዩት አንድ ሳንቲም ነበራቸው። በአረንጓዴ ሐር ጠቅልለው በሣጥን ያኖሩታል። አያታቸው ከየመን በጀልባ ተሻግረው፣ ከአሰብ በግመል አፋርን አቋርጠው ወሎ ሲገቡ፣ መቀነታቸው ውስጥ ሰፍተው ያመጡት ነው ይሉ ነበር። «ሌላው ንብረት ሁሉ በመንገድ ቀረ፤ ይቺ ግን ተረፈችልን» ይላሉ። ልጅ ሆኜ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወሩት፤ አንድ ቃል አይጨመርም፣ አይጎድልም።

ደሴ በገባሁ ማግስት ሄጄ ለምን እንደምፈልገው ነገርኳቸው። ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ባለቤታቸው ትኩስ ፈጢራ ከማር ጋር አቀረቡልኝና ሳንቲሙ ከሐሩ ወጣ። መምህሬ እንዳሳዩኝ ስስ ወረቀት ደርቤበት በእርሳስ ቀስ እያልኩ አሻሸሁት። በመጀመሪያ አንገት መጣ፣ ከዚያ አፍንጫ፣ ከዚያ የወይራ ቅጠል የመሰለ አክሊል። በዙሪያው ፊደሎች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። አንዳንዱ ተበልቷል። ግን ስሙ ይነበባል፤ አውግስጦስ ነው። የመጀመሪያው ቄሳር።

ወደ ቤት ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት። እሱ ደግሞ በልደት ወንጌል ስሙ የሚጠራው ቄሳር በአጥር ማዶ፣ በሐጂ ሳልህ ሣጥን ውስጥ መኖሩን ሲሰማ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው። «ስንት ዓመት አብሬው ተቀምጬ!» አለ።

ለመምህሬ በዚያው ቀን ደብዳቤ ጻፍኩ። ሮማውያን ከሕንድና ከየመን ጋር በቀይ ባሕር እንደሚነግዱ ተምረናል፤ እነሆ ሳንቲሙ የመን ገብቶ፣ ከየመን ደግሞ እኛ ዘንድ ደርሷል አልኩ። መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ። ጽሑፌን መስከረም ላይ በክፍሉ መምህራን ሁሉ ፊት እንዳነብ አስበዋል። ደብዳቤውን ለሐጂ አነበብኩላቸው። ከዚያ በኋላ ፒያሳ ላይ የማውቀው ሰው ሁሉ ያስቆመኝ ጀመር። ሐጂ ለልብስ ሰፊው፣ ለሻይ ቤቱ፣ ሆጤ ሰፈር ድረስ ላሉ ዘመዶቻቸው ሳይቀር፣ የመሪጌታ ልጅ የአያቴን ሳንቲም ዩኒቨርሲቲ ልታስገባው ነው እያሉ አውርተዋል።

የቀረኝ የሳንቲሙ ጀርባ ነበር። እሱ ከፊቱ ይልቅ ተፍቋል፤ የሐጂ ልጆች በዒድ በዒድ በአመድ እየፈተጉ ያሳምሩት ነበርና። ሦስት ወረቀት አበላሽቼ በአራተኛው ላይ አንድ ክብ ነገር መጣልኝ። ክቡ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት። መጀመሪያ የማር ቀፎ መሰለኝ። ነሐሴ አጋማሽ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢያችንን ሞልቶታል። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ መምህሬ ያዋሱኝን መጽሐፍ ስገልጥ የኮሎሲየም ሥዕል ላይ ደረስኩ። ቅስት በቅስት ላይ፣ ረድፍ በረድፍ ላይ። ወረቀቴን አጠገቡ አደረግኩት። ራሱ ነው።

ለጥቂት ጊዜ ደስ አለኝ። ከዚያ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ኮሎሲየም መሠራት የጀመረው አውግስጦስ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በአውግስጦስ ዘመን ያ ሕንጻ የለም። የሌለን ሕንጻ ሳንቲም ላይ የሚቀርጽ ደግሞ የለም።

መጽሐፉ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ገጽ አየሁ። ማግስቱን ሳንቲሙን እንደገና ለመንኩና ጠርዙን በጥፍሬ ዳሰስኩት። ዙሪያውን ሙሉ ቀጭን ስፌት የመሰለ መስመር ይሄዳል። የሮማ ሳንቲም በመዶሻ ተመትቶ ነው የሚሠራው፤ ይህ ግን በሁለት ቅርጽ መካከል ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ሮም የሄደ ሰው ለማስታወሻ የሚገዛው ዓይነት ጌጥ ነው። የማንም ቄሳር እጅ አልነካውም። ሐጂ ከጎኔ ቆመው «አገኘሽ?» አሉኝ። «ገና ነኝ» አልኩ። በሕይወቴ ለእሳቸው የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ለአባቴ ነገርኩት። ብዙ አሰበ። ከዚያ ጉዳዩን እንድተወው ነገረኝ። ሌላ ርዕስ ፈልጊ፣ ለሐጂም መምህሬ ሐሳባቸውን ለወጡ በያቸው አለ። «አንቺ መስከረም ትሄጃለሽ» አለኝ፤ «እኔና ሐጂ ግን እዚሁ ነን።» ሰውየው አያቱን በዚያች ሳንቲም ነው የሚያውቀው፤ ብትነሺው ምን ትሰጪዋለሽ አለኝ። ግን ሐጂ በሄዱበት ሁሉ ያን ነገር ሲያወሩ፣ እኔ እያወቅኩ ስስቅ፣ አንድ ቀን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ደንበኛ ፊት ሲያዋርዳቸው ታየኝ። ደግሞም ሦስት ቀን ለምነው የላኩኝ እንድማር ነው።

ሱቃቸው ሄድኩ። ጠዋት ነው፤ ጣቃዎቹ ገና እየተደረደሩ ነበር። ሰው እስኪወጣ ጠብቄ፣ መጽሐፉን ባንኮው ላይ ዘርግቼ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ሥዕሉን ሳያዩ መጽሐፉን ዘጉት።

«አያቴ ዋሽተዋል ነው የምትይኝ?»

«እሳቸውን አላውቅም ሐጂ። ሳንቲሙ ግን ያን ያህል አላረጀም።»

«ዝናቡ ሳይጠና ወደ ቤትሽ ግቢ» አሉኝ።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳችን ላይ አልመጡም። በማግስቱም አልመጡም። አባቴ ሁለተኛውን ወንበር እንደ ወትሮው ያወጣዋል፤ ሲመሽ ይመልሰዋል። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ሐጂን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ ግን «ልጄ» የምትለዋን ቃል ተዉዋት። እንዲህ ሆነን አንድ ሳምንት አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። አባቴን ሰላም ካሉት በኋላ ልጅህን ለዛሬ አውሰኝ፣ ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ እንሄዳለን አሉት። ወደ እኔ ዞረው «ለእኔ ያልሽውን ለእሷ ትደግሚላታለሽ» አሉ። እህታቸው እትዬ ዘሃራ ከሳቸው በአሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች፤ የአያታቸውን ታሪክ ያስተማረቻቸውም እሷ ናት። ልታስተባብለኝ ነው የሚወስዱኝ ብዬ አሰብኩ።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የሐረጎ ጠመዝማዛ በጉም ተሸፍኖ ሹፌሩ በጡሩምባ ነበር የሚሄደው። አንድ መታጠፊያ ላይ ሲቆም ልጆች የተጠበሰ በቆሎ በመስኮት አቀበሉን። ሐጂ ሁለት ገዝተው አንዱን ሳያዩኝ ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። ትኩስ ነበር። ያ በቆሎ ከይቅርታ ቀድሞ የመጣ ነገር ስለነበረ ነው መሰል፣ እስካሁን ጣዕሙ ይታወቀኛል። እየወረድን ስንሄድ ጉሙ ከላያችን ቀረ፤ ኮምቦልቻ ፀሐይ ነበር፣ ሰው በሸሚዝ ይሄዳል።

እትዬ ዘሃራ በረንዳ ላይ በርበሬ እየቀነጠሰች አገኘናት። ወንድሟ ሳንቲሙን ከሐሩ ፈትተው ከሰፌዱ አጠገብ አስቀመጡት። እኔም ደገምኩላት፤ ስለ ቄሳሩ፣ ስለ ሕንጻው፣ ስለ ጠርዙ። እሷ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ሳንቲሙን አነሳችው። ወደ እኔ አላየችም፤ ወደ ወንድሟ እንጂ።

«አንተ ያኔ እማ ጀርባ ላይ ነበርክ» አለችው።

ከዚያ ነገረችን። አባታቸው ለንግድ አሰብ ብሎ ወጥቶ የጣሊያን ጦርነት መንገድ ዘግቶበት ሁለት ክረምት አልተመለሰም። በመካከሉ አያታቸው ሞቱ፤ እህሉም አለቀ። እናታቸው ሐጂን አዝላ፣ ዘሃራን ዳቦ አሸክማ፣ ጣሊያን ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ ሲሠራ ለሠራተኞቹ ልትሸጥ ትወጣ ነበር። ከድንጋይ ጠራቢዎቹ አንዱ ጣሊያን ነበር፤ ልጅ እግር ነው። ወባ ጣለው። ጓደኞቹ ወደ ላይ ሲያልፉ እሱን ድንኳን ውስጥ ትተውት ሄዱ።

«እማ አብሽ እየበጠበጠች ትሰጠው ነበር» አለች እትዬ ዘሃራ። «እኔ ጠላት አይደለም ወይ አልኳት። የሰው ልጅ ነው፣ ያዥው አለችኝ፤ ጭንቅላቱን ያዝኩላት። ሲሻለው ይቺን ሰጣት። እናቱ እንደሰጠችው በእጁ ነገራት፤ ደረቱን መታ መታ አድርጎ፣ ከዚያ እንደ አሮጊት ጎበጥ ብሎ አሳየን።»

አባታቸው ሲመለስ ግን እናታቸው ፈራች። ባሏ በሌለበት ከጣሊያን እጅ ዕቃ የተቀበለች ሴት ምን እንደሚወራባት ታውቃለች። ከአባትህ መቀነት ውስጥ አገኘሁት አለችው። ሟቹን ማን ይጠይቃል? ዘሃራን ደግሞ በቁርአን አስማለቻት። አባትየው በኩራት ለሰው ሁሉ አወራ፤ ታሪኩም በዚያው ጸና።

ሐጂ ሳንቲሙን ከእህታቸው እጅ ተቀበሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ያልጠበቅኩትን ነበር የጠየቁት።

«እናቴ መንገድ ዳር ዳቦ ሸጣለች?»

«ሁለት ክረምት» አለች። «አንተ የተረፍከው በዚያ ነው።»

«ከቤት ሳትወጣ ነው የኖረችው ብለሽ ነግረሽኛል።»

«እንድልህ ያለችኝን ነው ያልኩህ። መሐላውን ዛሬ አፈረስኩት፤ አላህ ይማረኝ።»

ሐጂ ተነሥተው ጫማቸውን አደረጉ። ቦታውን አሳዪኝ አሏት። ሦስታችንም ከከተማው ወጥተን መንገዱ ሽቅብ መውጣት እስከሚጀምርበት ድረስ በእግር ሄድን። እትዬ ዘሃራ በየጊዜው እየቆመች ትንፋሽ ትሰበስባለች። አንድ የጥርብ ድንጋይ ግንብ ጋ ስንደርስ፣ ድንኳኑ እዚህ ነበር፣ እኛ እዚያ ጥላው ሥር እንቀመጥ ነበር እያለች በበትሯ አሳየችን። ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ግን የለም፤ ሣር ብቻ ነው። ሐጂ መዳፋቸውን ግንቡ ላይ አሳርፈው ቆሙ። ድንጋዮቹ በደንብ የተገጠሙ ነበሩ፤ በመካከላቸው ቢላዋ አይገባም።

ከግንቡ ጫፍ አንድ የተቀረጸ ድንጋይ አለ። «ይህስ ምን ይላል?» አሉኝ፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ መጀመሪያ የጠየቁኝ ነገር ነው። በሮማውያን ቁጥር የተጻፈ ዓመት መሆኑን ነገርኳቸው። የዚያን ጊዜዎቹ ጣሊያኖች ዓመቱን የሚቆጥሩት የራሳቸው መንግሥት ከተነሣበት ቀን ጀምሮ ነው፤ የጥንቶቹ ቄሳሮችም ሥልጣን ከያዙበት ዓመት እየቆጠሩ ሳንቲም ላይ ይጽፉ ነበር፤ እነዚህም እነሱን መምሰል ፈልገው ነው አልኳቸው። ስናገር ራሴም ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። አውግስጦስ ራሱን የአምላክ ልጅ ብሎ ሳንቲም ላይ ሲያስጽፍም፣ እነዚህ በእኛ ገደል ላይ ቁጥራቸውን ሲቀርጹም፣ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ እንድናምንላቸው።

«የሠሩትን ሰዎች ስም አይልም?» አሉ ሐጂ።

«አይልም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «ነይ ልጄ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን» አሉኝ። ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬ እንባዬን ጠረግኩ።

ያን ዕለት ከአውቶቡስ ወርደን ቤታቸው አልገቡም፤ በቀጥታ በረንዳችን ላይ መጡ። አባቴ ሁለተኛውን ወንበር አውጥቶት ነበር። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ አባቴ ወደ ውስጥ ግቢ አለኝ። በመስኮት ግን ሐጂ ጀርባቸውን ጎበጥ አድርገው ደረታቸውን መታ መታ ሲያደርጉ አየኋቸው።

ጽሑፌን እንደገና ጻፍኩት፤ ስለ ሐሰተኛው ሳንቲምና እንዴት ኮምቦልቻ እንደደረሰ። መምህሬ አንብበው ሲጨርሱ ማዘናቸው ታወቀኝ። ጥሩ ነው፣ ግን የሮማ ታሪክ አይደለም አሉኝና ሌላ እንድጽፍ አዘዙኝ። በመምህራኑ ፊትም አላነበብኩም። በሳምንት ውስጥ ከመጽሐፍ ለቃቅሜ ስለ አንድ የድል ቅስት ጻፍኩ፤ መካከለኛ ውጤት አገኘሁ። ቅስቱ የማን እንደነበር አሁን አላስታውስም።

ሐጂ ሳንቲሙን ለእንግዳ ማሳየት አላቆሙም። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ከወልድያ የመጣ ነጋዴ ቤታቸው ተቀምጦ ደረስኩ። ሐሩን ፈቱና «ይቺ ሐሰተኛ ናት» ብለው ጀመሩ። ሰውየው ግራ ገብቶት አየኝ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ ስለ ዳቦው፣ ስለ ወባው፣ ስለ አብሹ። በአንድ ዓይነት ድምፅ አልነበረም። አንዳንዱ ቦታ ላይ እየቆሙ ያስባሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ያርማሉ። «እናቴ ናት ያመጣቻት» ብለው ጨረሱ።

ዛሬ ሁሉም የሉም። መጀመሪያ እትዬ ዘሃራ፣ ቀጥሎ አባቴ፣ ከዚያ ሐጂ ሄዱ። ልጆቻቸው ተበትነዋል፤ ሱቁ የስልክ መሸጫ ሆኗል። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ተማሪዎቼን አንድ ዕቃ ይዘው እንዲመጡ አዛቸው ነበር፤ ማን ሠራው ብቻ ሳይሆን ማን ያዘው፣ ማን ለማን ሰጠው ብለው እንዲጠይቁ። ብዙዎቹ ከእኔ የተሻሉ ጠያቂዎች ወጡ።

ምክንያቱም እኔ ያን ቀን ኮምቦልቻ በረንዳ ላይ እስክርቢቶና ደብተር ይዤ ተቀምጬ ነበር። የአውግስጦስን ማዕረግ እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ የተቆረጠውንም ቀጥዬ። ያቺ ሴት ግን በወንድም አፍ «እናቴ»፣ በእህት አፍ «እማ» እንደተባለች ቀረች። ስሟ ማን እንደነበር አልጠየቅኩም።